በሩን በቀስታ

ያመጣኋት ዕለት፣ ከኮምቦልቻ፣
ሐረጎን ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ፣
ጉም ነበር፤ መስታወቷን በመዳፌ እየጠረግሁ፣
ለሚያልፈኝ ኤንትሬ ሁሉ ጥግ ይዤ መንገድ ለቀቅሁ።
ሰማያዊ ቮልስ፤ ከእኔ በአራት ዓመት የምታንስ፤
ዋጋዋ፦ የአባቴ ወይፈን፣ የዘምዘም አምባር፣ ሦስት ወር ሙሉ ያለ ሥጋ መጉረስ።

የዚያን ሰሞን፣ ሌሊት፣ ነፋስ ሲወርድ ከጦሳ፣
ጋቢዬን ለእሷ ላለብሳት በነጠላ ስነሳ፣
ዘምዘም ትስቅ ነበር፦ «ሁለተኛ ሚስት አገባህ፤
እሷስ ይብረዳት፣ አንተን ግን ምን ነካህ?»
ቦርከና ወርጄ ጎማዋን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣
የሚሳፈረውን ጎረቤት ጫማ ጭቃ በእጄ ጠርጌ፣
«በሩን በቀስታ!» ብያለሁ፣ ለቄሱም ለሼሁም፤
እጅ እየነሣሁ ነው እንጂ፣ ያለዚያ አልደፈርሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀኑን እንኳ አላውቀውም፤
በመርፌ ቀዳዳ የሚተነፍስ ጎማ፣ ሲጎድል ማንም አይሰማውም።
መጀመሪያ የሐይቅ ዓሣ ጫንሁ፤ ሽታው ሁለት ክረምት አብሮን ኖረ፤
ቀጥሎ የደጋን ሙክት፤ ቀንዱ የጣሪያዋን ጨርቅ ሰነጠቀ፣ እንደተሰነጠቀ ቀረ፤
አንዋር ሊወለድ ሲል፣ ምጡ ከኋላ ወንበሯ ላይ ጀመረ።
እሱን እንኳ ያኔ አልቆጠርሁላትም፤
ያን ሁሉ ውለታ ውላ፣ ዘይቷን በጊዜ አልቀየርሁላትም።
ስሟም ተለወጠ፤ «እሷ» ቀርታ «መኪናው» ሆነች፤
ፆታዋን ከአፌ ላይ ስቀማት፣ ያው እንደ ልማዷ በጧት ተነሣች።

አንድ የሐምሌ ማታ፣ ሐረጎ ወገብ ላይ፣ ራዲያተሯ ፈልቶ፣
ከኋላ የቆመው አይሱዙ ጥሩምባውን ነፍቶ፣
ድንጋይ ከጎማዋ ሥር እንዳኖርሁ፣ በእርግጫ መታኋት፤
«አንቺ ዕዳ! አንቺ አሮጊት!» ብዬ፣ ሰው እያየ ሰደብኋት።
ምንም አላለች።
ውሃ ጠጥታ፣ ሁለት ጊዜ ስላ፣
ዳገቱን ይዛኝ ወጣች፣ እኔንም ስድቤንም አዝላ።
ይመር ጋራዥ አደረች። «ቱቦ ነው፣ የሃምሳ ብር ቱቦ፤ አብሽር» አለኝ፤
ለሃምሳ ብር ቱቦ ያን ሁሉ መሳደቤ፣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝ።

ኮሮላው መጣ። ነጭ። ከዱባይ። የወንበሩ ላስቲክ ያልተላጠ።
ይመር ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ «እዚህስ እኔ ምን እሠራለሁ?» ብሎ፣ ንጹሕ እጁን በጨርቅ አብሶ ተቀመጠ።
ልውደደው ብዬ ሞከርሁ፤ ወላሂ፣ ሞከርሁ፤
መጫር፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ብድር፦ ፈራሁለት እንጂ አልወደድሁ።
ቮልሷ በግቢው ጥግ፣ ሸራ ተከናንባ፣ ዶሮ በጭኗ አስታቅፋ፣
ሦስት ክረምት ቆየች፤ ዝገት በላይዋ እንደ ጭርት ተስፋፋ።
በባቲ ገበያ ዋዜማ፣ እሑድ፣ ሸጥኋት፤ ስትወጣ አላየሁም፤
«ተገላገልሁ» ብዬ ነበር። ያን ያህልም አልዋሸሁም።

ትናንት ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ፣ ከአውቶቡስ ተራው ማዶ፣
ያችን ሳል ሰማሁ፤ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ሄዶ።
ቢጫ ተቀብታለች። አበባ ያለው መጋረጃ አላት፣ እኔ ያልገዛሁላት፤
ጺሙ ያልጠና ልጅ መስታወቷን በእጅጌው ሲወለውልላት
አይቶኝ፣ «አባባ፣ ልሸኝዎ?» አለ። ገባሁ። ወንበሩ አወቀኝ፤
የዘምዘም ምጥ፣ የሐይቅ ዓሣ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ አነቀኝ።
እኔም በለመደ እጄ (ያ በር ካልተማታ አይገጥምም፣ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ!)
ጎትቼ ስዘጋው፣ ልጁ ከመሪው ላይ እንደ ተመታ ሰው ድንግጥ፣ ጭንቅ፤
ከዚያ ቁጣውን ዋጠ፤ እጅ እንደ መንሣት ብሎ ለአፍታ፦
«ይቅርታ፣ አባባ፤ በሩን… በቀስታ።»